የግብጦ ምሬት ሲወገድ

በጎጃምና በአዊ አካባቢዎች ለምነቱ በተመናመነ መሬት ላይ አርሶ አደሩ ግብጦ የሚዘራው፣ ሰብሉ ብዙ እርሻም ሆነ ማዳበሪያ ስለማይጠይቀው ነው። ከብትና አብዛኞቹ ተባዮች እንዳይደፍሩት የሚያደርገው ደግሞ ምሬቱ መሆኑ ይታወቃል።

የምሬቱ ምንጭ አልካሎይድ የተሰኙት ናይትሮጅን አዘል ውህዶች ሲሆኑ፣ በነጭ ግብጦ ውስጥ ዋነኛው ሉፓኒን ይባላል። ውህዱ ከትምባሆው ኒኮቲን ጋር በሚመሳሰል መንገድ የነፍሳትን ነርቭ ስለሚያውክ፣ ክሽክሽን የመሳሰሉ ተባዮች ምግባቸው ይቀንሳል፤ እድገታቸውም ይጓተታል። በገብስ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ የሚታየውን ፈንገስ እንደሚገታም በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ፈንገስን ሁሉ ይከላከላል ማለት ግን አይደለም።

ጀርመናዊው አዳቃይ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ምሬታቸው እጅግ የቀነሰ ተክሎችን መርጠው ካወጡ ወዲህ፣ “ጣፋጭ” የሚባሉት ዝርያዎች በአውሮፓና በአውስትራሊያ ተስፋፍተዋል። በአማራ ክልልም በምርምር ተሞክረዋል። የፕሮቲን መጠኑ ከ30 በመቶ በላይ የሆነን ጥራጥሬ ሳይዘፈዘፍ ለሰውና ለእንስሳት ማቅረብ መቻሉ የሚናቅ ጥቅም አይደለም። ሆኖም ጣፋጮቹ ዝርያዎች ለክሽክሽ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። መራራውን ያለ ኬሚካል ሲያመርት የኖረ አርሶ አደር ጣፋጩን ሲቀበል የመርጫና የጥበቃ ወጪ አብሮ ሊመጣበት እንደሚችል፣ ዝርያውን የሚያስተዋውቁ አካላት አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል። ምርቱ ብቻ ተነግሮት ወጪውን በማሳው ላይ ማወቅ የለበትም።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የዝፍዝፉ ውሃ ነው። ግብጦ ከተቆላ በኋላ ለቀናት በውሃ ሲዘፈዘፍ አልካሎይዱ ወደ ውሃው ይወጣል። ይህን ውሃ ለተባይ መከላከያ የማዋል ሐሳብ በተመራማሪዎች ዘንድ አዲስ አይደለም። እዚህ ላይ ግን “ከተክል የተገኘ” ማለት “ጉዳት የሌለው” ማለት እንዳልሆነ ማጤን ያሻል፤ በሚገባ ሳይዘፈዘፍ የተበላ ግብጦ ሰውን ያዞራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ምዝገባን የደነገገውም እንዲህ ያለው ነገር መጠኑና ደህንነቱ ሳይመረመር ገበያ ላይ እንዳይውል ነው።

ለሙከራ ይሰብሰብ ቢባል እንኳ የአዘፋዘፉን ልማድ ማየት ይቀድማል። በቤት ውስጥ በእቃ የሚዘፈዘፈው ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፤ በጆንያ ታስሮ ወንዝ ውስጥ የሚቀመጠው ግብጦ ግን ምሬቱን የሚለቀው፣ የታችኛው መንደር ከብቱን ወደሚያጠጣበት ውሃ ነው።