መሣሪያው ተገኘ፤ ባለሙያውስ?

የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት በ2020 እ.አ.አ. መንግሥታት ከተሻሙባቸው ዕቃዎች ዋነኛው ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያ ነበር። ስንት መሣሪያ እንደተገኘ በየመግለጫው ይነገር ነበር። ማን እንደሚያንቀሳቅሰው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ቬንቲሌተር ሰክተው የሚተዉት ዕቃ አይደለም። ወደ ሳንባ የሚገባው አየር መጠንና ግፊት ከልክ ካለፈ ሳንባውን ራሱን ይጎዳል፤ ካነሰ ሕመምተኛው ይታፈናል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እየተለካ መሣሪያው ይስተካከላል። ከሁሉ የሚከብደው ሕመምተኛውን ከመሣሪያው ማላቀቁ ነው። ቢቸኩሉ ትንፋሽ ዳግም ያጥረዋል፤ ቢዘገዩ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ይዳከማሉ።

በአሜሪካና በካናዳ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአሜሪካ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይጠይቃል፤ ከአላስካ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች የሥራ ፈቃድ ያስገድዳሉ። የትምህርቱ ማጠር ለስደተኛ የሚስብ ነው። የሥራው ክብደት ግን በትምህርቱ ርዝመት አይለካም። ያለጊዜው ለተወለደ ጨቅላ ትንፋሽ የሚያግዘው ባለሙያ፣ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ሲወስን ቱቦውን የሚያወጣውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ሥራውን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ይካፈሉታል። የማዕረጉ አለመኖር ብቻውን ጉድለት አይደለም ማለት ነው፤ ጉድለቱ ሥራው የሠለጠነ ባለቤት ሲያጣ ነው። በኢትዮጵያም ሸክሙ በአብዛኛው የነርሶችና የሰመመን ሕክምና ባለሙያዎች ነው።

ደግሞም በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋነኛ በሽታዎች አንዱ የሳንባ ምች ነው። ለአብዛኞቹ የሚያስፈልገው ውድ ቬንቲሌተር ሳይሆን የኦክስጅን መለኪያና ኦክስጅን ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2023 እ.አ.አ. የሕክምና ኦክስጅን አቅርቦት እንዲሰፋ ውሳኔ ማሳለፉም ያለምክንያት አይደለም። ለጠናባቸው ደግሞ በባንግላዴሽ፣ ኋላም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተፈተነው «በብል ሲፓፕ» አለ፦ የሕፃኑ ትንፋሽ የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል፤ የውኃው ጥልቀት የሚፈጥረው ግፊት የሳንባ ከረጢቶች እንዳይከደኑ ያደርጋል። አረፋው ከቆመ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ውኃው ሲጎድል የሚሞላ፣ ቱቦው ሲላቀቅ የሚያይ ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን አጠገቡ መመደብ አለበት።