ላፕቶፑን እናሳድሰው ወይስ እንለውጠው?

በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው በብዙዎቻችን ቤት ስላለ አንድ ችግር ነው። እርሱም ሥራ የሚያስፈታ ቀርፋፋ ላፕቶፕ ነው።

ባለፈው ነሐሴ የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ወሩ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወር ስለነበር ገንዘቡ ገና እጄ ሳይገባ ሁለት ባለቤት አገኘ። አንዱ የልጆቼ ክፍያና ደብተር ሲሆን ሁለተኛው እኔ የምጽፍበት፣ ማታ ደግሞ ታላቋ ልጄ የምታጠናበት ላፕቶፕ ነበር። ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቡና ቆልቼ እወቅጥ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። መጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «አርጅቷል፤ አዲስ ግዢ» አለኝ። በስተጀርባው ግን የሚሸጡ ላፕቶፖች ተደርድረዋል። እኔም ለመወሰን ጊዜ ወሰድኩ።

እናንተም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቀርፋፋነቱን ምክንያት ለዩ። መሣሪያው በዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጫኑ። ብዙ ሥራ ሳይኖርበት የዲስኩ ቁጥር 100 በመቶ ላይ የሚቆይ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሃርድ ዲስኩ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ሳሕን ያለው ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው እጅግ ይፈጥናል። የሚሞላው ሜሞሪው ከሆነ ደግሞ ራም መጨመር ያስፈልጋል። 4 ጊጋባይት ለዛሬ ሥራ ይጠብባል፤ 8 ጊጋባይት ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለተማሪ ይበቃል። የሚግልና የሚጮህ ከሆነ ማራገቢያውን አቧራ ዘግቶት ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ማስጠረጉ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ይሁንና ሁሉም መሣሪያ አይታደስም። በአንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። በላፕቶፓችሁ የባንክ ሒሳብ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ይህን በቸልታ አትለፉት። ስክሪኑ፣ ማጠፊያውና ባትሪው በአንድ ላይ የተበላሹ እንደሆነም ለእያንዳንዱ መክፈል ኪሳራ ነው። እኔ የምከተለው ደንብ፣ የእድሳቱ ወጪ የአንድ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ግማሽ ዋጋ ካለፈ መለወጥ ይሻላል የሚል ነው።

ለማሳደስ ከወሰናችሁ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍና የሥራ ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ በሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡ። መሣሪያው ሲፈታም አጠገቡ ቁሙ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲ እንዳለው አረጋግጡ፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁም ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ወደ እኔው ጉዳይ ልመለስ። የላፕቶፔ ፕሮሰሰር 8ኛ ትውልድ ነበር። ሌላ ባለሙያ ፊቴ ከፍቶ ኤስኤስዲ ገጠመለት፤ ራሙንም ከ4 ወደ 8 አሳደገው። ከእቁቡ የተረፈው የልጆቹን ክፍያ ሸፈነ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ራሙ የተበየደ፣ ማጠፊያውም የተሰበረ ላፕቶፕ ስለነበራት ለወጠችው። እርሷም አልተሳሳተችም።

እህቶቼ፣ የላብ ዋጋችሁን የምታወጡት እናንተ ስለሆናችሁ ሻጩ አይወስንላችሁ። ዛሬ ማታ ሦስቱን ቁልፎች ተጫኑና ቁጥሩን ራሳችሁ ተመልከቱ። የሳምንት ሰው ይበለን!