«ተህይአ» ሲልዎ እሺ ከማለትዎ በፊት

አረብኛ ስማር መምህሮቻችን ስለ ሰዋስው፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ጋዜጣ ቋንቋ ብዙ ነግረውናል። ሪያድ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ስኖር በየሳምንቱ የሰው ላፕቶፕ ፎቶ እንደሚላክልኝ ግን ማንም አልነገረኝም። ዋትስአፕ ስከፍት አንዱ ሰማያዊ ስክሪን ልኮልኛል፣ ሌላዋ ቢጫ ምልክት ያለበት ሳጥን፤ ከስሩ ያለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን እያለ ነው?» የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የሚጠይቁኝ አረብኛ ስለማነብ ብቻ ነው። እያደር የገባኝ ነገር ቢኖር ከሚላኩልኝ ችግሮች አብዛኞቹ የማሽን ብልሽት አለመሆናቸው ነው። ሳይነበቡ ወይም በስህተት ተነበው የታለፉ መልእክቶች ናቸው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ አንዲት የሰፈራችን ሴት ደወሉልኝ። የልጃቸውን የምርቃት ፎቶዎችና አገር ቤት ያረፉትን የእናታቸውን ቪዲዮ የያዘ ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰክተው አልከፈት ብሏቸዋል። «ልጄ፣ አንዱ ‹ተህይአ› ይላል፣ ሌላው ‹ኢልጋእ› ይላል፤ የቱን ልንካ?» አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ፎቶውን ላኩልኝ እንኳ አላልኩም። «ተህይአ ማዘጋጀት ማለት ነው፤ ላዘጋጅልዎ ወይ ነው የሚለው፣ እሱን ይንኩት» አልኳቸው። ቀጥሎ «በድእ» መጣ። «ጀምር ማለት ነው፣ ይንኩት።» ከዚያ ረዘም ያለ ጽሑፍ ያለው ሳጥን ወጣ፤ ከታቹ «ሙዋፊቅ» የሚል ቁልፍ አለው። «መስማማትዎን ነው የሚጠይቀው፣ ይስማሙ።» ፍላሹ ተከፈተ። ውስጡ ምንም አልነበረበትም።

«ተህይአ» በመዝገበ ቃላት ማሰናዳት፣ ማመቻቸት፣ ዝግጁ ማድረግ ነው። በአረብኛ ዊንዶውስ ላይ ግን ፎርማት ማድረግ ማለት ነው። «ሀል ቱሪድ ተህይአተሁ?» ሲል «ፎርማት ላድርገው ወይ?» እያለ ነው። ሳይነበብ የታለፈው ረጅሙ ሳጥን ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በሙሉ እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቀው ነበር። ከተማው ውስጥ ይህን ነገር ማንም «ተህይአ» ብሎ አይጠራውም፤ ሱቅ ቢሄዱ «ፈርመታ» ነው የሚሉዎት። ስክሪኑ «ፈርመታ» ቢል ኖሮ እኚያ እናት ፍላሹን ነቅለው በሮጡ ነበር። ሌላኛው ቁልፍ ደግሞ «ኢልጋእ» ነው፤ መሰረዝ። እዚህ አገር ለሚኖር የእኛ ሰው «ኢልጋእ» ከቪዛና ከኢቃማ ጋር የሚሰማ፣ ልብ የሚያርድ ቃል ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል «ማዘጋጀት»፣ በሌላ በኩል ቪዛ የሚሰረዝበት ቃል ቀርቦላቸው ነበር። እሳቸው መርጠው አልተሳሳቱም። አረብኛ አውቃለሁ የምለው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ፍላሽ እንዲህ የሚለው ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ እያለ ስለተነቀለ የፋይሎቹ ማውጫ ተዛብቶ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው «ኢልጋእ» ብሎ መውጣት፣ በሌላ ቀዳዳ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ነው። በስህተት ፎርማት ከተደረገም ሁሉም ነገር ወዲያው አልጠፋም። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ፈጣን ፎርማት ሲያደርግ የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ከመጽሐፍ ላይ ማውጫው እንደተቀደደ ዓይነት፣ ገጾቹ አሉ። ገጾቹን የሚያጠፋቸው በላያቸው ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ወዲያው ነቅሎ ማስቀመጥ፣ አንዲት ፎቶ እንኳ አለመጨመር ያስፈልጋል። (የላፕቶፑ የራሱ ኤስኤስዲ ዲስክ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ እሱ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው።) እኚያ እናት ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። ፍላሹ ባዶ ከሆነ አይቀር ብለው የሰርግ ቪዲዮ ገልብጠውበት በሦስተኛው ቀን ነው ያመጡልኝ። ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያገኘነውን ወደ ሌላ ዲስክ አወጣን። ከምርቃቱ ፎቶዎች የተወሰኑት ተመለሱ። የእናታቸው ቪዲዮ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የቤት አረብኛና የስክሪን አረብኛ አንድ አይደሉም። ብዙዎቻችን አረብኛን የለመድነው ከወጥ ቤት፣ ከመኪና፣ ከሱቅ ነው። ባትሃ ላይ ተከራክረን ዋጋ እናስቀንሳለን፣ ከፊል ጋር ተነጋግረን እንግባባለን። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ቢሮ ተቀምጦ የተተረጎመ ፉስሃ ነው። «ኢዕዳዳት» ሴቲንግ መሆኑን፣ «ታህዲስ» አፕዴት መሆኑን፣ «ነስኽ ኢህቲያጢ» ባክአፕ መሆኑን ከማድቤትም ከመኪናም አንማርም። እዚህ ላይ ደግሞ ኩራት ይመጣል። አሥር ዓመት ሪያድ የኖረ ሰው «ይህ ቃል አልገባኝም» ማለት ያሳፍረዋል፤ ከማፈር «ሙዋፊቅ» መንካት ይቀለዋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ እዚህ ስንገዛ ብዙ ጊዜ ከነአረብኛ ገጽታው ነው የሚመጣው፤ እንደዚያው እንኖርበታለን። መቀየር ይቻላል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከእንግሊዝኛው «አይ» ፊደል ጋር አብረው ሲጫኑ ሴቲንግ ይከፈታል፤ «አልወቅት ወልሉጋ» የሚለው ሰዓትና ቋንቋ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ቋንቋ ይጨመራል። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 የአማርኛ ገጽታ አላቸው። ሁሉም ክፍል አልተተረጎመም፣ አንዳንዱ ቃል ለእኔ ለአስተርጓሚዋም እንግዳ ነው፤ ቢሆንም ግማሹ የሚገባ ማስጠንቀቂያ ጨርሶ ከማይገባው ይሻላል። «ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ግን የገጽታ ቋንቋ መቀየር አይፈቅድም፤ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

መልእክቱን ማንበብ ምን ያህል እንደሚያድን አንድ ላንሳ። አንድ ወንድማችን ኢንተርኔቱ «ተበላሽቶ» ሞደም ሊቀይር ነበር። የባንኩን ገጽ ሲከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለዋል፣ ጂሜይልም እንዲሁ። የላከልኝን ፎቶ ከታች ጥግ ላይ ሳየው የኮምፒውተሩ ዓመት 2017 ይላል፤ ያኔ በፈረንጆቹ 2025 ላይ ነበርን። አሮጌ ስለሆነ የውስጥ ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ በጠፋ ቁጥር ይዛባል፤ እሱ ደግሞ በእጁ ሲያስተካክል በአገራችን አቆጣጠር ሞላው! ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በኮምፒውተሩ ሂሳብ የባንኩ ወረቀት ገና ስምንት ዓመት አልተወለደም። ቀኑን አስተካከለ፣ ሁሉም ተከፈተ። ቀኑ በሂጅራ ተጽፎ የሚታያችሁ ግን አትደንግጡ፤ እሱ አጻጻፍ ብቻ ነው፣ ከስሩ ያለው ሰዓት ትክክል ከሆነ የሚያበላሸው ነገር የለም።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ አልተሻለውም» የሚሉኝም አሉ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቶሎ እንዲነሳ ብሎ የሥርዓቱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ሲበራ ከነሕመሙ ሊነሳ ይችላል። ከ«ሻት ዳውን» ይልቅ «ሪስታርት» የሚለውን፣ በአረብኛው «ኢዓደት አትተሽጊል»ን ይንኩ። እሱ ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። ይህችን ብቻ ነግሬያቸው ዳግም ያልደወሉልኝ ሰዎች አሉ።

ከሥራዬ የሚቀርበው ደግሞ የፊደል ነገር ነው። ከአገር ቤት የተላከ የቆየ ደብዳቤ ወይም ውክልና ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል፤ «ቫይረስ በልቶታል» ይባላል። አልበላውም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቢሮዎች ሲጽፉ የኖሩት የላቲኑን ቦታ በግዕዝ ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ሰነዱ ተጽፎበት የነበረው ፎንት ሲጫን ይመለሳል። ባዶ ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት ይበቃዋል። አማርኛና አረብኛ በአንድ ገጽ ላይ ስጽፍ ነጥቡና ቁጥሩ ወደማይሆን ቦታ ሲዘልብኝ ስንት ሌሊት እንዳቃጠልኩ አልነግራችሁም፤ መፍትሄው የቀኙን «ኮንትሮል» ከ«ሺፍት» ጋር ለአረብኛው፣ የግራውን ለአማርኛው መጫን ብቻ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ችግር ሱቅ ይዘው ቢሄዱ መልሱ አንድ ነው፦ ፎርማት። ዝግ አለ፣ ፎርማት። ፊደሉ ዞረ፣ ፎርማት። ለባለሱቁ ምክንያቱ ይገባኛል፤ መልእክት አንብቦ ምክንያት መፈለግ ሰዓት ይወስዳል፣ ፎርማት ግን ማሽኑን ራሱን እንዲሠራ ትቶ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ነው። የማይገባኝ ሳይጠይቁ ማድረጉ ነው። ኡለያ የኮምፒውተር ገበያ ብትሄዱ ጥንቃቄ ያላቸው፣ «ዲስኩ ላይ የምትፈልገው አለ?» ብለው መጀመሪያ የሚገለብጡ ልጆች ታገኛላችሁ። ሌላ ቦታ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ግን የአንዲት እህታችንን ትምህርት ማስረጃ ቅጂዎች አጥፍቶ «አንቺ አልተናገርሽም» ብሏታል። መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ሰነዱንና ፎቶውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን የአብሸርና የባንክ የይለፍ ቃል አጥፉ፣ ከዋትስአፕ ውጡ። በተለይ እህቶቼ፣ የግል ፎቶ ያለበትን ማሽን ለማያውቁት ሰው ጥሎ መሄድ አደጋ አለው። በሳውዲ ከ2007 ጀምሮ ያለው የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ሰውን ለማስፈራራት ብሎ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባትን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣበታል። ማወቁ ጥሩ ነው፤ ፎቶው ከወጣ በኋላ ግን ሕጉ አይመልሰውም። ማሽኑን ሲያስተካክሉላችሁም በባለሱቁ አካውንት እንዲከፍቱት አትፍቀዱ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ዲስኩን ራሳቸው ቆልፈው የመክፈቻ ቁጥሩን መጀመሪያ በገባው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ሰማያዊ ስክሪን ያንን 48 አሃዝ ቁጥር ቢጠይቃችሁ፣ ቁጥሩ ያለው ስሙን በማታውቁት ሰው ኢሜይል ውስጥ ይሆናል።

ሰሞኑን የበዛው ደግሞ የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ስክሪኑ ላይም ይህንኑ የሚናገር መልእክት ይወጣል። መልእክቱን ያላነበበ ሰው «ኮምፒውተሩ ሊዘጋ ነው» ብሎ ይደነግጣል፣ ሱቁም አዲስ ይሸጥለታል። አይዘጋም። የሚቀረው የደህንነት ማስተካከያው ነው። ለቤት ተጠቃሚዎች ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚያደርስ ተጨማሪ ድጋፍ አዘጋጅቷል፤ ሴቲንግን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያገናኝ ያለ ክፍያ፣ ለማይፈልግ በ30 ዶላር። ምዝገባው የሚገኘው እዚያው «ታህዲስ» ገጽ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ስለሆነ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከዋጋው በፊት ትውልዱን ጠይቁ።

እኚያ እናት ዛሬም ይደውሉልኛል። አሁን የሚልኩልኝ መጀመሪያ ፎቶውን ነው፣ ሙሉውን ሳጥን፣ ከታች ያለውን ቁጥር ጭምር። ባለፈው ሳምንት «ቫይረስ ገብቷል፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል ቀይ ገጽ ላኩልኝ። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም፤ ብራውዘሩን ዝጉት ልላቸው ስጽፍ ቀድመው «ዘግቼዋለሁ፣ ለማወቅ ያህል ነው» አሉኝ።