ከመጠለያ በኋላ ያለው ቤት

ማለዳ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እሽግ ነው። ከሥሩ ጎንበስ ያለች እናት ትመጣለች። ገመዱ ደረቷ ላይ ጠብቋል፤ ከኋላዋ መኪና ክላክስ ሲያደርግባት እንኳ ቀና ማለት አትችልም። ሸክሙ 35 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ወገቧን ያመማት ሳምንት የቤት ኪራይ ይጎድላል፤ አከራይ ደግሞ ሕመም አይቆጥርም።

ቤተሰብ ጎዳና ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ባለው ጉድለት ተነሥቶ ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ለአባላቱ ሽመናን የመረጠው። ከጫካው ከመከልከል ሌላ እንጀራ ማሳየት ይቀድማልና።

ቤት ውስጥ በሚፈጸም ጥቃት ምክንያት ልጆቿን ይዛ የወጣች ሴት ግን ሥራ ብቻውን አያድናትም፤ መጀመሪያ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋታል። የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ የከፈተው እንዲህ ላሉ ሴቶች ነው። እዚያ አልጋና ምግብ ብቻ አይሰጥም። ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የፍርድ ቤት ክትትልና የሙያ ሥልጠና አለ፤ ራስን የመከላከል ስፖርት ሳይቀር ይማራሉ። ልጆችም ከእናታቸው አይለዩም።

መጠለያ ግን የመጨረሻ ቤት አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዲሲ ጄነራልን ያስታውስ ይሆናል። የቀድሞው ሆስፒታል ለዓመታት የቤተሰቦች መጠለያ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ፤ በምትኩ በየሰፈሩ አነስ ያሉ መጠለያዎች ተሠሩ። ከተማዋ የተረዳችው ግዙፍ መጠለያ ቤተሰብን ቶሎ መልሶ እንደማያቋቁም ነው።

ዲያስፖራው በመስጠት አይታማም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ለጀመረው የመቄዶንያ መርጃ ማዕከል ከየአህጉሩ ያልተዋጣ ገንዘብ የለም፤ ይገባዋልም። ሆኖም መቄዶንያ የሚያነሳቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ብዙዎቹ ቀሪ ዘመናቸውን እዚያው የሚያሳልፉ ናቸው። ልጆች ያሏት ወጣት እናት ግን መውጣት አለባት፤ ለመውጫዋ የሚያዋጣ ሰው ብዙም አይታይም። ምሳ ማብላት ፎቶ አለው፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ቀብድ ግን ፎቶ የለውም።

የቀብዱ ልክ ደግሞ ዛሬ ይታወቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ሁለት ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት ሳያፈናቅሉ ለመቆየት የሚበቃ ጊዜ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዕቁብ የሚጥሉ አሥር ሰዎች ያንን ገንዘብ ሳይጎዱ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ ከመጠለያው ጋር ተስማምተው በቀጥታ በአከራዩ ሒሳብ ቢያስገቡት ደግሞ ጥርጣሬም ይቀንሳል።

ከገንዘቡ የሚብሰው ዋስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ የሚቀጥርም፣ ቤት የሚያከራይም «ዋስሽ ማነው?» ይላል፤ ከመጠለያ የወጣች ሴት ደግሞ የምትጠራው ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የሸሸችውን ሰው ያውቃል። ካዛንቺስ ያደገ፣ ኮተቤ እህት ያለችው፣ መገናኛ ሱቅ የከፈተ አብሮ አደግ ያለው የዲያስፖራ ሰው ከዶላሩ በተጨማሪ ሌላም አቅም አለው፤ አንድ ስልክ ደውሎ እህቱን ዋስ እንድትሆን መለመን ይችላል።