ወጪው ተቀነሰ ወይስ ትከሻ ለወጠ?

«ትምህርት ቤትንና ወላጅን በዘመናዊ መሣሪያ እናገናኛለን፤ ወጪም እንቀንሳለን» የሚል ቃል ዛሬ ከየትምህርት ቤቱ ይሰማል። ዓላማውን እንደግፋለን። ልጁ ከክፍል የቀረበትን ቀን ወላጅ በዚያው ዕለት ቢያውቅ፣ ለአንድ የስብሰባ ጥሪ ሲባል መቶ ወረቀት ባይባዛ፣ የቀን ሠራተኛዋ እናት የቀን ገቢዋን ሳታጣ የልጅዋን ውጤት ብትሰማ የሚጠላ ማን ነው? እኛ የምንቃወመው ነገሩ የተያዘበትን መንገድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያውን ማባዛት ትቶ በቴሌግራም ሲለቅ፣ የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ ከመዝገቡ ይፋቃል። ያንኑ ማስታወቂያ ለማየት ግን ወላጁ ዘመናዊ ስልክ መግዛትና የኢንተርኔት ጥቅል መሙላት አለበት። መምህሩም ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ በገዛ ስልኩና በገዛ ካርዱ የወላጆችን መልእክት ሲጽፍ ያመሻል። ይህ ወጪ መቀነስ አይባልም፤ ሸክሙ ከትምህርት ቤቱ ትከሻ ወርዶ በወላጁና በመምህሩ ትከሻ ላይ ተጫነ እንጂ። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ወላጅማ ከቀድሞው ይልቅ ራቀ። ዱሮ በልጁ ደብተር ውስጥ ተጣጥፋ ትደርሰው የነበረችው ብጣሽ ወረቀት እንኳ ቀረችበት። ለእርሱ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

«ለእነዚያ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንልካለን» የሚሉ አሉ። መልካም፤ ግን በምን ፊደል? ከሚላኩት መልእክቶች መካከል አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቁጥር ይጠቀስልናል፤ አንድ መልእክት በላቲን 160 ሆሄያት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነውና ይወደዳል ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። የእኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። «ተማሪ» በእኛ 3፣ በላቲን 6 ሆሄ ነው፤ «ስብሰባ» በእኛ 4፣ በላቲን 7 ነው። እንግዲያስ 70ው የእኛ ሆሄ የሚናገረውን ለመናገር ላቲኑ ከ120 እስከ 140 ያህል ይፈጃል። ለዚህች ለተረፈችው ጥቂት ቦታ ሲባል ነው ወላጅ ከገዛ ቋንቋው የሚገፋው?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የጻፈው በዚሁ ፊደል ነበር። በዚያ ዘመቻ ማንበብ የተማሩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ሆነው የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ወርደው ያስተማሩትን ፊደል ትምህርት ቤት ራሱ አሽቀንጥሮ ሲጥለው እንዴት ዝም እንላለን?

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ግንኙነቱ የአንድ ወገን መሆኑ ነው። ጻፊው አንድ፣ አንባቢው ብዙ፤ የክፍያ ቀን ይነገራል፣ ቅጣት ይነገራል፣ ስብሰባ ይጠራል። ወላጁ «ልጄ ለምን አነሰ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀዳዳ ግን የለም። ይህ ለአገራችን አዲስ ስሕተት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ሲናገር፣ ተማሪው ቢጠይቅ የሚሰማው አልነበረም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ። የሚናገር እንጂ የማይሰማ መሣሪያ ምን እንደሚያተርፍ ከዚያ መማር ነበረብን።

«ታዲያ ምን ይደረግ? አገሩ ድኻ ነው» የሚለን ይኖራል። መልሱ በእጃችን ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያቋቋመው የ8028 መስመር፣ ገበሬ በተራ ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በድምፅ እንዲሰማ አስችሏል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ገበሬው ስለ ጤፉ በስልክ መስማት ከቻለ ስለ ልጁ መስማት የማይችልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ማናቸውም የትምህርት ቤት መልእክት በተራ ስልክ፣ በድምፅም ጭምር፣ ወላጁ በሚሰማው ቋንቋ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ በፊደላችን ይሁን። ሦስተኛ፣ ወላጁ ያለ ክፍያ መልስ የሚሰጥበትና የሚጠይቅበት መስመር ይከፈት፤ የመምህሩንም ካርድ ትምህርት ቤቱ ይሸፍን። አራተኛ፣ ተረፈ የተባለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና በምን ላይ እንደ ዋለ ለወላጅ፣ ለተማሪና ለመምህር ኅብረት በግልጽ ይነገር።

ይህ ጥያቄ ለባለ ሥልጣን ብቻ የቀረበ አይደለም። ከመካከላችን የኮምፒዩተር ሙያ የሚማሩ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው የትምህርት ቤት መተግበሪያ ይሠራሉ፤ መምህሮቻችንም ማርክ ይሰጡበታል። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ስትሠሩ የራሳችሁን ስልክ አትመልከቱ፤ አብዛኞቻችንን ለዚህ ያበቁን ወላጆች የያዙትን ስልክ ተመልከቱ። መምህሮቻችንም የሚቀርብላችሁን ሥራ በመልኩ ማማር ሳይሆን «ይህን ማንበብ የማትችል እናት እንዴት ትጠቀምበታለች?» በሚል ጥያቄ መዝኑት። መልስ የሌለው ሥራ ማለፊያ ማርክ አያግኝ።