«አንዴ ደህናውን ግዛ» የሚሉት ምክር

ሲያትልና አካባቢዋ ያለን አበሾች ቅዳሜና እሑድ ልጅ ይዘን ወደ ጫካ መውጣት እየለመድን ነው። ደግ ልማድ ነው። ከልማዱ ጋር ግን አንድ ምክርም አብሮ ገብቷል፦ ጂኦካሺንግ ልትጀምሩ ከሆነ ርካሽ ጂፒኤስ አትግዙ፣ በኋላ ትቆጫላችሁ፣ አንዴ ደህናውን ገዝቶ መገላገል ነው። ምክሩ ከሻጭ ብቻ ቢመጣ ባልገረመኝ። የሚመጣው ከወዳጅ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከአጎት ነው። እኛም «ለልጄማ ምን ይነሳል» የምንል ሰዎች ነንና ሳናላምጥ እንውጠዋለን። ብቻውን ተራራ ለሚወጣ አዋቂ ያስኬድ ይሆናል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ከንቱ ምክር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አንዱ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ያሳውቃል። ሌላው በቁጥሩ ተመርቶ ይሄዳል፣ ዕቃውን ያገኛል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ይጽፋል። ከውስጡ መጫወቻ የወሰደ በምትኩ እኩያውን ወይም የተሻለ ያስቀምጣል። ዕቃው ከፎቶ ፊልም መያዣ እስከ አሮጌ የጥይት ሣጥን ሊሆን ይችላል።

የጨዋታው አጀማመር ራሱ የምክሩን ባዶነት ያሳያል። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች በሚለቀው የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምር ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ስሕተቱ እንዲነሣ አዘዙ። ወዲያው፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ከፖርትላንድ ብዙ በማይርቅ የኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን በኢንተርኔት አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍትና የባቄላ ቆርቆሮ ሳይቀር ነበረበት። (ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ አውሬ ይስባል።) ልብ በሉ፤ ስሕተቱ በተነሣባት ሌሊት ማንም አዲስ መሣሪያ አልገዛም። ያው በየሰዉ እጅ የነበረው መሣሪያ ነው በአንድ ትእዛዝ ትክክለኛ የሆነው። ጨዋታውን የፈጠረው የምልክቱ መጥራት ነው፤ ምልክቱ ደግሞ ለ100 ዶላሩም ለ600 ዶላሩም መሣሪያ እኩል፣ ያለ ክፍያ ከሰማይ ይወርዳል።

«ውዱ ግን ይበልጥ ትክክል ነው» ይባላል። እውነት አለበት፤ ግን እንቁጠረው። ለጨዋታው የሚሰጠው ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን፣ ደቂቃው እስከ ሺኛ ይከፈላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲለካ አንዷ ሺኛ ከ1.8 ሜትር በላይ ናት። ቁጥሩ ራሱ ከዚያ በታች መናገር አይችልም ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩን የለካው የደበቀው ሰው ነው፤ የእሱም መሣሪያ ይስታል። እሱ አምስት ሜትር ቢስት እናንተ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ አምስት ብትስቱ፣ ቆማችሁ የምታዩት ጉቶ ከትክክለኛው ጉቶ አሥር ሜትር ይርቃል። የእናንተን ስሕተት በብዙ መቶ ዶላር ወደ ሁለት ሜትር ብታወርዱት የእሱ አምስት ሜትር እንዳለ ነው። ረጃጅም ጥዶች ሥር፣ ምልክቱ ከቅጠልና ከግንድ ጋር እየተጋጨ በሚመጣበት ቦታ፣ በሁለት ሞገድ የሚቀበለው አዲሱና ውዱ መሣሪያ ብልጫ እንዳለው አልክድም። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ግን መሣሪያ አይጨርሳቸውም። ድንጋይ የሚያገላብጥ እጅና የማይገጥም ነገር የሚለይ ዓይን ነው የሚጨርሳቸው። በዚህ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቷ ትበልጣለች።

አገር ቤትም ምሳሌ አለ። የያኔው የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከዓለም ባንክ ጋር ባካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ የገበሬውን ማሳ ዳር ዳሩን እየዞሩ የለኩት በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ነው። የአገር አኃዝ የሚሰበሰብበት ዓይነት መሣሪያ ለቅዳሜ ጨዋታ አነሰ የሚለኝ ሰው እንዲያስረዳኝ እፈልጋለሁ።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል? በጋርሚን ምርቶች እንየው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጂፒኤስማፕ 67 ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር፣ በሳተላይት መልእክት የሚልከው 67አይ ደግሞ 600 ዶላር ነበር፤ የመልእክቱ አገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኢትሬክስ ኤስኢ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ባለ ቀለም ስክሪን፣ ዝርዝር ካርታ፣ የአየር ግፊት መለኪያ፣ የአደጋ ጥሪ፦ ሰው ለሳምንት በረሃ ሲገባ ሁሉም ይጠቅማሉ። ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ሰዓት በማይርቅ መናፈሻ ውስጥ፣ እናት መክሰስ ይዛ ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታ፣ የአየር ግፊቱን ማን ይጠይቃል?

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። 600 ዶላር የወጣበትን ዕቃ የትኛው አባት ነው ጭቃ ላይ ለሚንደባለል ልጅ የሚሰጠው? «አትንካ፣ ትሰብረዋለህ!» ይጀመራል። መሣሪያው ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ እንደሚቀመጥ ብርጭቆ ይሆናል። አባት ይይዛል፣ አባት ያነባል፣ አባት ይመራል፤ ልጆቹ ከኋላ «ደረስን ወይ?» እያሉ ይጎተታሉ። ከዚያ «ልጆቼ ጨዋታው አልማረካቸውም» ይባላል። ምን ጨዋታ ነበራቸውና! ርካሹ መሣሪያ ትልቁ ጥቅሙ ወላጁን አለማስፈራቱ ነው። ኢትሬክስ 10ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ያለው፣ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ኩሬ ውስጥ ቢወድቅ ልጁን የሚያስቆጣ ነገር የለም። ድንጋዩ ቢያልቅ ማንኛውም ነዳጅ ማደያ ይሸጣል።

ጉድለቱንም ልናገር። ይህ መሣሪያ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የለውም፤ ቀስቱ አቅጣጫ የሚያውቀው ስትራመዱ ብቻ ነው። ስትቆሙ ይዋልላል። ልጅ «ተበላሸ» ሲል፣ ጥቂት እርምጃ ሂድና እየው ማለት ነው፤ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ይወጣዋል። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ርካሽ ማለት ያገኙትን አሮጌ ማንሳት ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቢጫ ኢትሬክስ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ከኮምፒውተር የሚገናኘው ግን በዩኤስቢ ሳይሆን የዛሬ ላፕቶፕ በሌለው የድሮ መሰኪያ ነው። ቁጥሩን ሁሉ በትንሿ ቁልፍ አንድ በአንድ ማስገባት የልጅንም የወላጅንም ትዕግሥት ይጨርሳል። ያገለገለ ስትገዙ ዩኤስቢ መኖሩን፣ የተደበቀውን ዕቃ መግለጫና ፍንጭ በቀጥታ መቀበሉን አረጋግጡ። ከዚያ በላይ ያለው ቅንጦት ነው።

«ስልክስ?» የሚሉት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ጠቢብ ናቸው፤ ሆኖም እነሱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ አይሠራም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ምልክቱን የሚቀበለው እንደ ማንኛውም መሣሪያ ከሳተላይት ነው፤ ካርታውንና መግለጫውን አስቀድሞ ማውረድ ብቻ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ስልክ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ ወደ አምስት ሜትር ገደማ ትክክል እንደሚሆን ይገልጻል። ስለዚህ መሣሪያውን ሁልጊዜ የሚይዘው ወላጅ ከሆነ ምንም አትግዙ፣ ስልኩ ይበቃል። ልጁ ይያዘው ከተባለ ግን ስልክ ከውዱ ጂፒኤስ ይብሳል። ከመሰበሩ ሌላ፣ መልእክትና ጨዋታ የሞላበት ነገር ለልጅ ሰጥቶ ዛፍ ተመልከት ማለት አይሆንም፤ ደግሞም ጫካ ውስጥ አደጋ ቢደርስ የምንደውልበት ባትሪ መቆጠብ አለበት።

በመሣሪያ ላይ የምናባክነውን ክርክር የምንፈልገውን የተደበቀ ዕቃ በመምረጥ ላይ ብናውለው ይሻላል። እያንዳንዱ የተደበቀ ዕቃ ለፍለጋውም ለመንገዱም ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ መጠኑም ይገለጻል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ስትጀምሩ ሁለቱም ደረጃዎች ከ2 ያልበለጡ፣ መጠኑም መጫወቻ የሚይዝ ይሁን። ጥፍር የምታክል ዕቃ ውስጥ ከተጠቀለለ ወረቀት በቀር ምንም የለም፤ ለልጅ ሽልማት አይደለም። ቦታውም የሕዝብ መናፈሻ ይሁን። የሰው አጥር ሥር የሚርመሰመስ ጥቁር ቤተሰብ በዚህ አገር ምን ዓይነት ስልክ እንደሚያስደውል ለእኛ መንገር አያስፈልግም፤ ይህንንም የትኛውም ውድ መሣሪያ አያስጥልም።

«ደህናውን ግዙ» የምትሉ ወዳጆቻችን፣ የመሣሪያ ስም ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ማን ነው የሚይዘው? ልጁ ነው ካሏችሁ ከ150 ዶላር በላይ የሚያስወጣ ምክር አትስጡ።