ብረት ካልሆነ የሚለው ምክር

ለጓሮው ግሪን ሃውስ ሊሠራ ያሰበ የደሴ ሰው ፒያሳ ወርዶ ሲጠይቅ የሚሰማው ምክር ያው ነው፤ ቱቦላሬ ግዛ፣ በያጅ ጥራ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ለሦስት በአራት ሜትር የአትክልት መደብ የቤተሰብ ጥሪት ብረት ላይ ሲፈስ፣ ብዙው ሰው ዋጋውን ሰምቶ ሐሳቡን ይተወዋል፤ የጀመረውም ለፕላስቲኩ ሳንቲም ያጥረዋል።

የብረቱ ምክር የመጣው ከዝዋይና ከሆለታ የአበባ እርሻዎች ይመስለኛል። እዚያ ብረት ተገቢ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ስፋቱም በሄክታር የሚቆጠር ነውና። የጓሮው ግን ከሰው ቁመት ብዙም አይዘልም።

ብረት አይበሰብስም ይላሉ። ግሪን ሃውስ ውስጥ ሌሊቱን ጤዛ ይንጠባጠባል፤ ቀለም የተቀባው ጥቁር ቱቦላሬ ዝገት የሚጀምረው ከብየዳው ላይ ነው። ጋልቫናይዝድ ቢገዛ እንኳ ብየዳ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ዚንኩ ይቃጠላል፤ በቡሎን ካልታሰረ የተጨመረበት ዋጋ ከንቱ ቀረ። ፀሐይ ያጋለው ብረትም የተደገፈበትን ፕላስቲክ ቀድሞ ያደርቀዋል፤ ቀዳዳው የሚከፈተው በዚያው መስመር ነው። የፀሐይ መከላከያ ያለው ፕላስቲክ ዕድሜው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ብረቱ ጨርሶት ተራ ፕላስቲክ መወጠር ምን ይረባል?

ጦሳ ተራራ ግርጌ እየኖርን የባህር ዛፍ አጠናን መናቃችን ያሳዝነኛል። ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ቤታችንን ያቆመ እንጨት ነው። ቶሎ የሚወድቀው እርጥቡን፣ ከነቅርፊቱ አፈር ውስጥ ስለምንቀብረው ነው። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ጥላ ሥር አንድ በጋ ይድረቅ። እግሩ አፈር አይንካ፤ ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ የብረት ማሰሪያ ይያዝ፤ ቀላል ቤት ነውና ነፋስ እንዳያነሣው። ፕላስቲኩ የሚያርፍበት ጠርዝ ይለስልስ፣ ጣሪያውም ቁልቁለት ይኑረው፤ የክረምት በረዶ ተከምሮ እንዳይጥለው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባበት የሚሉትን ግን አትስሟቸው፤ ከዚያ አፈር የሚበላ ጎመን ነው የሚወጣው።

ኮምቦልቻ ሲወረድ ሌላ ነው። 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ተነሥቶ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ደሴ ላይ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ስላለ ሙቀት የሚይዝ ፕላስቲክ ይፈለጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን የተዘጋ ፕላስቲክ ችግኙን ይቀቅለዋል፤ ጎኑ ክፍት የሆነ የጥላ መረብ ይበቃል። ሙቀት የሚወደው ምስጥም ከደሴ ይልቅ እዚያ ያሰጋል። ስለዚህ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን እግር ብቻ ጋልቫናይዝድ ማድረግ ያዋጣል፤ ምስጥ በብረቱ ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ሊወጣ ቢሞክር በዓይን ይታያል፣ ይጠረጋል። የፒያሳ ብረት ሠሪዎች ሙሉ ቤት ከሚበይዱልን እንዲህ ያለውን አጭር እግር የቡሎን ቀዳዳውን በስተው ቢሸጡልን፣ ዋጋ ያስፈራው ሰው ሁሉ በሚቀጥለው በጋ ቲማቲሙን ይተክላል።